ጥማድ ዲናሞ

በእኛ አገር «ሞተር» የሚባለው ትልቁ ነው፤ የወፍጮው፣ የመስኖው፣ የባጃጁ። ከተሰበረ ቴፕ ሆድ ዕቃ የምትወጣው፣ በሁለት ጣት የምትያዘው ድብልብል ነገር ግን «ዲናሞ» ናት። የፊዚክስ መጽሐፍ ይህን አጠራር አይቀበለውም። ዲናሞ ማለት ተሽከርክሮ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ እንጂ ኤሌክትሪክ ተቀብሎ የሚሽከረከር አይደለም ይላል። እኔም 22 ዓመት ሙሉ በጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ይህንኑ ስል ኖሬያለሁ። ይሁንና ለልጆቹም እንፍረድላቸው። የዚያችኑ ዕቃ ዘንግ ክር ጠምጥመው በኃይል ቢያሽከረክሩት፣ ከሽቦዎቿ ጋር የታሰረች ትንሽ መብራት ብልጭ ትላለች። ስለዚህ ስሙ በልጆቹ ይጽና። የዛሬው ጨዋታዬ ስለ ሁለት ዲናሞዎችና ስለ አንዲት የእሽቅድምድም ጀልባ ነው።

የእህቴ ልጅ በ2016 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል መግባት ነበረበት፤ አልገባም። በዚያ ዓመት በክልላችን በነበረው ግጭት የተነሣ በብዙ ወረዳዎች የትምህርት ቤት በር እንደተዘጋ ነበር። እንግዲህ እሱ የሚማርበት የለው፣ እኔ የማስተምርበት የለኝ፤ ሁለት ሥራ ፈቶች ፍኖተ ሰላም ላይ በአንድ ጣሪያ ሥር ተፋጠጥን። መጻሕፍቱን ዘርግቼ «ና እንጀምር» ብለው ሁለት ቀን ታገሠኝና በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ተመልሶ ሲመጣ በፌስታል ሁለት የተሰባበሩ መጫወቻ መኪኖች ይዟል፤ በሪሞት የሚነዱት ዓይነት። አንዱ ጎማ የለው፣ አንዱ ጣሪያ የለው።

«ጋሼ፣ መኪና ምን ያደርግልናል? መንገድ እንደሆነ ተዘግቷል እያሉ ነው። ጀልባ እናድርጋቸው» አለኝ።

ቀልዱን መስሎኝ ሳቅሁ። እሱ ግን አልሳቀም።

የፍኖተ ሰላም ሰው የጀልባ ሰው አይደለም። እኛ ወንዝን የምናውቀው በመሻገር ነው። ላህም፣ ብርም፣ በቡሬ በኩል ያለው ፈጣምም ክረምት ሲገባ ሰው የሚወስዱ፣ በጋ ሲሆን ከብት የሚጠጣባቸው፣ መጨረሻቸው ዓባይ የሆነ ውሃዎች ናቸው እንጂ ማንም ተሳፍሮባቸው የትም አይደርስም። ታንኳ ለማየት ጣና ድረስ መሄድ አለብን፤ ደንገል አጭደው፣ አድርቀው፣ በእስር በእስሩ አጣምረው የሚሠሩትን። ልጁ ጣናን በዓይኑ አላየም። እሱ የሚያውቀው በሰው ስልክ ላይ ያየውን የባዕድ አገር የጀልባ እሽቅድምድም ነው፤ አፍንጫቸውን ቀስረው በጭራቸው ብቻ ውሃውን እየነኩ የሚበሩትን። ከእነሱም መካከል አንዳንዶቹ ባለ ሁለት ሞተር መሆናቸውን አስተውሏል። «ሁለት ካልሆነ አልፈልግም» አለ። ሁለት ዲናሞ ስላለን ተስማማሁ።

ጀልባ በውሃ ላይ ሁለት ዓይነት አካሄድ አላት። አንደኛው ውሃውን ገፍቶ፣ ሰንጥቆ መሄድ ነው። የጣና ታንኳም ትልቁ መርከብም የሚሄዱት እንደዚያ ነው። በዚህ አካሄድ ጀልባዋ ራሷ የምታስነሣውን ማዕበል እየገፋች ስለምትጓዝ፣ ከተወሰነ ፍጥነት በኋላ ኃይል ቢጨምሩላትም ትርፉ ጥቂት ነው። ሁለተኛው ግን ከውሃው በላይ መውጣት ነው። ይህን እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ጠፍጣፋ ድንጋይ መርጦ አግድም ሲወረውረው፣ ድንጋዩ እየነጠረ አራት አምስት ጊዜ ውሃውን ይረግጣል። ድንጋይ ከውሃ ይከብዳል፤ እንዳይሰምጥ የሚያቆየው ፍጥነቱና የሆዱ ጠፍጣፋነት ነው። የእሽቅድምድም ጀልባ ከፊት ሾል፣ ከኋላ ጠፍጠፍ የምትለው ለዚህ ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ባስተምረው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይፈጅብኝ ነበር። ልጁ ግን ገና ሳልጨርስ «ገባኝ፣ እንደ ድንጋዩ» አለና ወደ ጎረቤታችን አናጢ ሮጠ።

የመጣው የዋንዛ ቁራጭ ተሸክሞ ነው። ቴሌቪዥን ታሽጎበት የሚመጣው ነጭ ፎም ይቀል ነበር፤ ልጁ ግን ፎም ጀልባ አይመስልም ብሎ እንቢ አለ። ዋንዛ ለመጥረቢያ እሺ ባይ እንጨት ነው። ርዝመቱን 60፣ ወርዱን 20 ሴንቲ ሜትር አደረግነው። ሆዱን በመሮ ፈልፍሎ ግድግዳው የጣት ግማሽ እስኪያህል ድረስ ለማሳሳት ሦስት ሳምንት ፈጀ። የምን ችኮላ፤ የሚጠብቀን ደወል አልነበረም።

አሁን ወደ ጥማዱ እንምጣ። ከሁለት የተለያዩ መኪኖች የወጡ ዲናሞዎች መልካቸው ቢመሳሰልም ጉልበታቸው አንድ አይደለም። ሳፋ ውሃ ውስጥ ውልብልቢት አስረን ስናዞራቸው አንደኛው በግልጽ ይበረታል። ሁለቱን እኩል አርቀን ግራና ቀኝ ብናስቀምጣቸው ጀልባዋ ወደ ደካማው ጎን እየዞረች ክብ መሥራቷ ነው። የመጽሐፉ መላ ለብርቱው ሬዚስተር ሰጥቶ ጉልበቱን መቀነስ ነው። ይህ ግን ብርቱውን በሬ እግሩን አስሮ ከደካማው ጋር እንደ ማስተካከል ነው፤ ለእሽቅድምድም አይመችም።

በዚያ ሰሞን የልጁ የአባቱ አባት ከቡሬ ገጠር ለሕክምና መጥተው እኛ ዘንድ አርፈው ነበር። ሥራችንን ቀና ብለው ያዩና ወደ መቁጠሪያቸው ይመለሳሉ። አንድ ማታ ግን ክርክራችን ሰልችቷቸው ነው መሰለኝ፦

«ይኸኛው ብርቱ፣ ያኛው ደካማ ነው የምትሉት?» አሉ።

«አዎ አባባ» አለ ልጁ።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚያስጨንቃችሁ? ምራኑን ወደ ብርቱው ጠጋ አድርጉታ!»

ለከተሜ አንባቢ ላብራራው። ጥማዱ አቻ ካልሆነ፣ ገበሬ ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያስርበትን ምራን ከመካከል ወደ ብርቱው በሬ ያስጠጋዋል። ያን ጊዜ ደካማው በረጅሙ ክንድ፣ ብርቱው በአጭሩ ክንድ ስለሚገፉ ቀንበሩ ሳይጣመም ይሄዳል። እኛ ተማሪ ፊት «ሞመንት» የምንለውን እሳቸው ከጉብዝናቸው ጀምሮ በየእርሻው ሲሠሩበት ኖረዋል። በጀልባ ሲተረጎም የብርቱውን ዲናሞ ዘንግ ወደ ጀልባዋ አጋማሽ መሥመር ማስጠጋት፣ የደካማውን ወደ ዳር ማራቅ ነው። ሁለቱም ሙሉ ጉልበታቸውን ይሰጣሉ፤ ጀልባዋም ቀጥ ትላለች። አንድ ጣት ተኩል ያህል አዛወርነው። ሠራ። አባባ እንደ ትልቅ ነገር አልቆጠሩትም፤ የገረማቸው ሁለት ሰው ለዚህ ሦስት ቀን መከራከሩ ነው።

ሌላም የጥማድ ሕግ አለ። ሁለቱ ውልብልቢቶች በአንድ አቅጣጫ ከዞሩ ቀፎውን በተቃራኒው በኩል ሊያጋድሉት ይገፉታል፤ ግፊታቸው ተደምሮ ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ታነክሳለች። ስለዚህ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ መዞር አለበት። ዲናሞን ገልብጦ ማዞር ቀላል ነው፤ ሁለቱን ሽቦዎች ማቀያየር ብቻ ነው። ውልብልቢቱ ግን በመስታወት እንደታየ ግልባጭ ሆኖ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ አንዱ ወደ ፊት ሲገፋ ሌላው ወደ ኋላ ይጎትታል።

ውልብልቢቶቹን የቆረጥነው ከቀለህ ነው። ጎጃም ውስጥ ቀለህ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ነገር ግን ዛሬ ዛሬ ከመንገድ ዳር የሚለቀመው የክላሽ ቀለህ አብዛኛው ብረት ነው፤ ውሃ ከነካው ይዝጋል። የድሮው የምንሽር ቀለህ ግን ናስ ነው። ከአባባ አሮጌ ዝናር ሁለት ባዶ ተገኘ። ናስ ደግሞ እንደ ብረት አይደለም፤ በከሰል አግለው ውሃ ውስጥ ቢነክሩት ይለሰልሳል እንጂ አይጠነክርም። ጎኑን ሰንጥቀን፣ አግለን፣ ቀጥቅጠን ስንዘረጋው አራት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ቅጠል ወጣው። በመቀስ ቆርጠን ሁለት ሁለት ክንፍ አወጣንለትና ክንፎቹን በጉጠት ጠመዘዝናቸው። አንዱን ወደ ቀኝ፣ አንዱን ወደ ግራ። ልጁ ሁለቱን ለብርሃን አንሥቶ ሲያያቸው «ቢራቢሮ ይመስላሉ» አለ።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። ዘንጉ የብስክሌት ጎማ ሽቦ ነው፤ ዘንጉ የሚያልፍበት ቱቦ የእስክሪብቶ ቀፎ፤ ዲናሞውንና ዘንጉን የሚያገናኘው የግሉኮስ ላስቲክ። በቱቦው በኩል ውሃ እንዳይገባ ምን እንሙላበት ስንባባል እህቴ የጧፍ ቁራጭ አቀበለችን፤ ሰሙን ከግሪስ ጋር አቅልጠን ሞላንበት። ባትሪው ከሞተ ላፕቶፕ ሆድ የወጡ ሁለት ሴሎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 3.7 ቮልት፣ በተከታታይ ሲታሰሩ 7.4። ለሦስት ቮልት የተሠራ ዲናሞ ይህን ሲጎርስ ይግላል፤ ይሁንና እሽቅድምድም አጭር ነው።

የሬዲዮው ነገር ያለቀው አንድ ሬዲዮ ጠጋኝ ዘንድ ነው። የእነዚህ መኪኖች ሪሞት የሚያስተላልፈው በ27 ሜጋ ኸርዝ ነው። የዚህ ሞገድ ርዝመት 11 ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የሚስማማው አንቴና የሩቡን ያህል፣ ማለት ሁለት ሜትር ከሰባ ሊሆን ይገባው ነበር። ሪሞቱ ላይ ያለው ግን የስንዝር ነው። ስለዚህ ከሃያ እርምጃ በኋላ ጀልባዋ ትደነቁራለች። በዚያ ላይ ውሃ ከአየር 800 እጥፍ ያህል ስለሚወፍር፣ ውሃ የሚቀዝፍ ዲናሞ የሚስበውን ከረንት የመጫወቻዋ ትንንሽ ትራንዚስተሮች አይችሉትም፤ ይጨሳሉ። ጠጋኙ በእነሱ ፈንታ ሪሌ ከተተልን። ከሁሉ ያስደሰተኝ ግን የሚከተለው መላው ነው። መኪናዋን «ወደ ፊት» የሚለው ትእዛዝ ለቀኙ ዲናሞ፣ «ታጠፍ» የሚለው ለግራው ተሰጠ። እንግዲህ ሁለቱን አብሮ መጫን ቀጥ ብሎ መሄድ ነው፤ አንዱን መልቀቅ መታጠፍ ነው። መሪ አያስፈልግም። ጥማድ በሬን አንዱን ገትቶ አንዱን በመንዳት ማዞር ማለት ነው።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ በአንድ ከሰዓት ልጁ ጀልባዋን ጠረጴዛ ላይ እንዳለች፣ ውሃ ሳይነካት፣ አስነሣት። ባዶ አየር የሚቀዝፍ ውልብልቢት ጮኾ ይዞራል፤ ቀጭን፣ የማይቋረጥ፣ የሚያቃጭል ድምፅ። በዚያው ቅጽበት ከጓዳ የሳህን መውደቅ ተሰማ። እህቴ በሩ ላይ ቆማለች፤ እጇ ሊጥ ነው።

«ያን ነገር አጥፉት! አሁኑኑ ተቤት አውጡልኝ!»

የጎረቤት ሕፃናት ከግቢው ጠፍተዋል። ኋላ አልጋ ሥር ተገኙ።

አንባቢ ከፍኖተ ሰላም ካልሆነ ላይገባው ይችላል። ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተማችን ላይ ከአየር ጥቃት ደረሰ። በድሮን እንደደረሰ በተነገረው በዚህ ጥቃት ቢያንስ 26 ሰዎች መሞታቸው በወቅቱ ተዘግቧል። ከዚያ ወዲህ እዚህ ከተማ ውስጥ የሚያቃጭል ነገር ሁሉ አንድ ስም ብቻ ነው ያለው። ንብም ብትሆን።

በዚያ ማታ ልጁ ብዙ ቆይቶ «ሪሞትን ማን ነው የፈጠረው?» አለኝ። ይህን አውቀው ነበርና ነገርኩት። ነገሩ የተጀመረው በጀልባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1898፣ ከዐድዋ ድል ሁለት ዓመት በኋላ ማለት ነው፣ ኒኮላ ቴስላ የሚባል ሰው ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን አዳራሽ ውስጥ ገንዳ አሠርቶ፣ ሽቦ ያልተቀጠለባት በባትሪ የምትሄድ ትንሽ ጀልባ ከሩቅ ሆኖ ሲያዝዛት ለሕዝብ አሳየ። ያን ጊዜ ሬዲዮ ድምፅ እንኳ ማስተላለፍ አልጀመረም። በዚያው ዓመት በኅዳር የፈጠራ መብት ወረቀቱ ተሰጠው። በወረቀቱ ላይ መሣሪያው ለምን እንደሚጠቅም ሲዘረዝር፣ ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅሙ በጦርነት እንደሆነ ጻፈ። የማጥፋት ኃይሉ ወሰን ስለሌለው መንግሥታት ይፈሩትና በመካከላቸው ዘላቂ ሰላም ይሰፍናል ብሎ አስቧል።

ልጁ በጥሞና ሰማኝ።

«እና ሰፈነ?» አለ።

እህቴ ከጓዳ ሆና ትሰማን ነበር። ምንም አላለችም። እኔም የያዝኩትን ሞረድ መልሼ ሥራዬን ቀጠልኩ።

ከዚያ በኋላ በቤታችን ሕግ ወጣ፦ ውልብልቢቱ ውሃ ውስጥ ካልገባ ዲናሞ አይነሣም። በፊዚክስም ትክክል ነው፤ ሸክም የሌለው ዲናሞ ያለ ልክ ስለሚፈጥን ብሩሹ ቶሎ ያልቃል። ሸክም ሲያገኝ ይረጋጋል፤ ድምፁንም ውሃው ይውጠዋል። ሳፋ ውስጥ ስትነሣ የምትሰማው እንደሚፈላ ጀበና ብቻ ነው። እህቴ መጀመሪያ በሩቁ፣ ኋላ ቀረብ ብላ አየቻት። በሦስተኛው ቀን ቀለም ያነሰባት መሰላት መሰለኝ፣ ከሰፌድ መስፊያዋ የተረፈ ቀይ ቀለም አመጣችልን።

በሚያዝያ ላህ ወረድን። በዚያ ወራት ወንዙ ጎድሎ፣ ከድንጋዮቹ መካከል ውሃው የሚተኛበት ሰፊ ቦታ ይገኛል። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ነበሩ፤ ከብት የሚያጠጡ ልጆችም። ልጁ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባና ጀልባዋን በሁለት እጁ አስቀመጣት። ሁለቱን ቁልፍ ጫነ።

መጀመሪያ አፍንጫዋን ደፍታ ውሃውን እየገፋች ሄደች፤ ታንኳ ናት። አምስት እርምጃ ያህል እንደሄደች ግን አፍንጫዋ ቀና አለ፤ ከኋላዋ ይጎተት የነበረው ማዕበል ተበጠሰ፤ ውሃው ላይ ወጣች። ድንጋዩ ናት! እረኞቹ ጮኹ። ከብቶቹ በረገጉ። ከሴቶቹ አንዷ ልብሷን እንደያዘች ቆማ «እሰይ፣ እሰይ!» ስትል ሰማኋት። ይህ ሁሉ የቆየው እስከ ሃያኛው እርምጃ ነው። እዚያ ላይ ጀልባዋ ደነቆረችና ቆመች፤ ልጁም ዋኝቶ ሄዶ አመጣት። እንደገና። እንደገና። አንድ ጊዜ በግራው ውልብልቢት ሣር ተጠምጥሞ በአንድ በሬ ብቻ ስትዞር ነበረች። ሁለቱ ዲናሞዎች ጎን ለጎን ስለታሰሩ የአንዱ መታነቅ ሌላውን አልነካውም። በተከታታይ ቢታሰሩ ኖሮ የታነቀው ሥራ ሲያቆም ሌላው የእሱንም ድርሻ ጨምሮ ይወስድና ያብድ ነበር። ይህን እዚያው ውሃ ውስጥ ቆመን ተማርን፤ ከእረኞቹ ጋር፣ ዘጠኝ ተማሪ ሆነን።

የእሽቅድምድም ጀልባ ግን ብቻዋን እስከ መቼ ትሽቀዳደማለች? ከእረኞቹ አንዱ፣ ልጁን በዕድሜ የሚያክለው፣ በሳምንቱ ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጄሪካን በጎኑ ሰንጥቆ መጣ። ዲናሞ ከተጣሉ ሁለት የእጅ ማራገቢያዎች አውጥቷል፤ የእሱ ጥማድ መንታ ነው፣ ምራን ማስጠጋት አያስፈልገውም። ሬዲዮውን ከሁለተኛዋ መኪና ሰጠነው። ገጥመን ውሃ ላይ ስናወጣት አንድ ጉድ ተገለጠ። ሁለቱ መኪኖች የሚያዳምጡት አንድ ሞገድ ነው፤ ልጁ ቁልፉን ሲጫን ሁለቱም ጀልባዎች ይሄዳሉ፤ ሲታጠፍ ሁለቱም ይታጠፋሉ። ለሁለት ነጂ ሁለት የተለያየ ሞገድ ያስፈልጋል፤ የ49 ሜጋ ኸርዝ መጫወቻ ቢገኝ ይበጅ ነበር፤ ጠጋኙ ዘንድ የለም።

ሁለቱ ልጆች ተያዩና ሳቁ። ከዚያ ጎን ለጎን አሰለፏቸውና ተስማሙ፦ አንድ ሪሞት፣ አንድ ጣት፣ አንድ ትእዛዝ። ነጂው ለማንም ሊያዳላ አይችልም፤ የሚወዳደረው ሥራው ብቻ ነው። ሪሞቱን ለእኔ ሰጡኝ።

ጄሪካኗ ቀደመች። በክንድ ያህል፣ ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ። የእረኛው ልጅ ዋንጫ የበላ ያህል በወንዙ ዳር ይሮጣል። የእህቴ ልጅ ጀልባውን አውጥቶ የገባባትን ውሃ ደፋ፤ በአንድ መዳፉ እሷን፣ በአንድ መዳፉ ጄሪካኗን አድርጎ መዘናቸው። ምንም ሳይናገር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፣ ከኪሱ ቢላዋ አወጣ፣ የዋንዛውን ግድግዳ ከውስጥ መፋቅ ጀመረ።

«ይበቃል፣ ይበሳል» አልኩት።

«ገና ነው ጋሼ፤ በፀሐይ ሲያዩት ብርሃን አያሳልፍም» አለኝ።